ዓይንዎን ይጨፍኑ

ምላጩ አልቆርጥ አለ።

እናትዓለም የየሺአረግን ራስ በግራ እጇ ደግፋ ከግንባሯ ወደ ኋላ ሳብ ስታደርገው ፀጉሩ ተነጨ እንጂ አልተላጨም። ከቀብር ተመልሰው ጓዳ የተሰበሰቡት ሴቶች ፊታቸውን አኮማተሩ። ባሏ የሞተባት ሴት ፀጉሯን ትላጫለች፤ ወጉ ነው። የፀጉር አስተካካይ ሚስት በደነዘ ምላጭ ስትነጭ ማየት ግን ሟቹን መስደብ መሰላቸው።

«ይቅርብሽ እቴ፤ በመቀስ ልከርክምሽና ይብቃን» አለች እናትዓለም። ከአጥሩ ወዲያ ያለች ልብስ ሰፊ ናት፤ እጇ የሚያውቀው መቀስ ነው።

የሺአረግ ምላጩን ተቀበለቻት። ከበሩ ጀርባ በተንጠለጠለው ቆዳ ላይ እያገላበጠች ሳለችው፤ ራሷን ደፋች፤ መስታወት ይምጣልኝ ሳትል ከማጅራቷ ጀምራ ወደ ፊት ወሰደችው። ፀጉሯ በዝምታ ጭኗ ላይ ይወርድ ጀመር። ደም የሚባል ጠብ አላለም።

ለለቅሶ ከመሸንቲ የመጣች አክስቷ «ኧረ የዚች ልጅ እጅ!» ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ እናትዓለም በክርኗ ጎሰም አደረገቻት። የሺአረግ ይህን አላየችም። እሷ የምታየው ጭኗ ላይ ያለውን ፀጉር ነው። ሽበቷ ይህን ያህል መሆኑን እስከዚያች ሰዓት አላወቀችም ነበር።

ድንኳኑ የተተከለው መንገዱ መሐል ላይ ነው። መኪና እንደሆነ አያልፍበትም፤ ቤንዚን በኩፖን ከሆነ ወዲህ ከብስክሌትና ከአህያ በቀር ማን አለና። ከገበያው ተነሥቶ በዘንባባዎቹ መካከል ወደ ሐይቁ የሚወርደው ያ መንገድ በደህናው ጊዜ ሰው ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋ የሚሄድበት ነበር። አሁን ከሱቆቹ የሚበዙት ታሽገዋል። የየመኑ ጨርቅ ነጋዴ አንድ ማለዳ ቁልፉን በሩ ላይ ትቶ ሄደ። ፎቶ ቤቱ ወረቀት አጣና ተዘጋ። የዳኘው ዳቦ ቤት ዱቄት ሲመጣ ይከፈታል፤ ካልመጣ ዳኘው በረንዳው ላይ ተቀምጦ ዝንብ እያባረረ ይውላል። የቀበሌው ሱቅ አለ፤ ሰልፉም አለ። ሳሙና መጣ የተባለ ዕለት ሰልፉ ሐይቁ ዳር ይደርስና የመጨረሻዎቹ እግራቸውን ውኃ ውስጥ ነክረው ይጠብቃሉ። ከጋሽ አዘዘ ሻይ ቤት ጎን ያለችው የአምሐ ፀጉር ቤት ብቻ ክረምት ከበጋ ክፍት ነበረች።

ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ይዞራል። የለቅሶ ቤት ወሬ መጀመሪያ ስለ ሟች ነው፤ ቀጥሎ ስለ ዝናብ፤ ዞሮ ዞሮ ስለ ቤት ይሆናል። በዚያ ዘመን ባሕር ዳር ውስጥ ቤት ከማግኘት የጉማሬ ጥርስ መንቀል ይቀል ነበር። የሺአረግ ከሴቶቹ ጋር መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ተቀምጣ ከሸራው ወዲያ የወንዶቹን ሹክሹክታ ትሰማለች።

«ስንት ክፍል ነው ይሄ ቤት?»

«የፊቱ ንግድ ቤት፤ ከኋላ መኝታና ጓዳ።»

«ውኃ አለው?»

«ቧንቧ አለው። ውኃው መምጣቱን እንጃ።»

«ለማን ይሰጡት ይሆን?»

«አንተ ሰው፣ ንፍሮህን እንኳ ሳትውጥ!»

አልተቆጣችም። ቤት ያጣ ሰው ምን ያድርግ። ይልቅ የራሷ ጆሮ ነው የገረማት፤ የሰው ድምፅ ሁሉ ከውኃ ውስጥ የሚመጣ ይመስል ራቅ፣ ወፈር ብሎ ይደርሳታል። ከሁሉም መሐል አንድ ድምፅ ትፈልጋለች። ሁልጊዜ ከፊተኛው ክፍል ይሰማ የነበረው፣ «ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ ሳሙናው እንዳይገባ» የሚለው የባሏ የአምሐ ድምፅ።

የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው መካኒክ ሣህሉ ከሚስቱ ከፀሐይወርቅ ጋር የመጣው በማግሥቱ ነው። ከድሬዳዋ ተዛውሮ ከመጣ ጀምሮ ከነልጆቹ በአንዲት ክፍል ይኖራል፤ ቤት ልስጥህ ያላለው ሹም፣ የሰጠውም ሹም የለም። ለአምሐ ከልቡ አለቀሰ፤ ደንበኛው ነበር። እንባውን ጠርጎ ቀና ሲል ግን ዓይኑ ጣሪያው ላይ አረፈ፤ ቆርቆሮው ያፈስ እንደሆነ ያያል። ወዲያው አፈረና አቀረቀረ። የሺአረግ አይታዋለች። ሣህሉን ምን አመጣው አላለችም፤ ገባት።

ሰልስቱ ወጥቶ ድንኳኑ ሲነሣ የቀበሌው ሊቀ መንበር አስማማው ብቻውን መጣ። የዚያው መንገድ ልጅ ነው፤ እናቱን ታውቃቸዋለች። ባርኔጣውን አውልቆ በጉልበቱ ላይ ያሽከረክር ጀመር።

«እትዬ፣ ይህን ዛሬ ማንሣቴ ነውር ነው፤ አውቃለሁ» አለ። «ግን ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት። ቤቱ ንግድ ቤት ነው። ንግድ ቤት የሚሰጥ ለባለሙያ ነው። ባለሙያው ሲሞት ለቀበሌው ይመለሳል። የኋላውን እንዳልተውልዎ ከፊቱ ጋር በአንድ ቁጥር የተመዘገበ ነው።»

«ለማን ደረሰ?»

«ተራው የሣህሉ ነው። የፊቱንም ለመኖሪያ ያድርገው ብለው ከላይ ፈቅደዋል። እስከ አርባው ግን ማንም ደጅዎን አይረግጥም፤ ለዚህ እኔ አለሁ። ከዚያ በፊት…» ከአገጩ በታች ያቆጠቆጠውን ጢም አሻሸ። «ከዚያ በፊት ባለሙያ ከተገኘ ነገሩ ሌላ ነው።»

«ባለሙያ ከየት ይመጣል አስማማው?»

አስማማው መልሱን ከእሷ የሚጠብቅ ይመስል ትኩር ብሎ አያት። የሺአረግ አቀረቀረች። እሱም ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ።

የምትናገረው ነገር ነበራት እኮ። አንድ ቃል ብትናገር ቤቱ ቤቷ ነው። ያቺን ቃል ግን በጊዮርጊስ ምላ ቆልፋባታለች።

አምሐን ያገባችው በአፉ ተሸንፋ ነው፤ የሚያውቃት ሁሉ እንዲህ እያለ ይቀልድባት ነበር። የደቅ ደሴት ሰው፣ የመሪጌታ ልጅ፣ ቅኔውን ጀምሮ ሳይጨርስ የወጣ። ምላጭ የለመደው በጉባኤ ቤት የተማሪውን ራስ ሁሉ እየላጨ ነው። «ትምህርቱ ራሴ ውስጥ አልገባ ሲል የሌላውን ራስ ያዝሁ» ይላል። በታንኳ ተሻግሮ ባሕር ዳር ሲወጣ ከምላጩና ከወሬው በቀር የያዘው አልነበረም። ያን ወሬ ፍለጋ ጢም ያልበቀለበት ሁሉ ሊላጭ ይመጣ ነበር።

ደንበኛው ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ዓይኑን ሲጨፍን አምሐ ይጀምራል።

«ከጣና በታች አንድ ከተማ አለ። መንገዱ ልክ እንደኛው መንገድ ነው። ዘንባባም አለው፤ ዘንባባውን የሚያወዛውዘው ግን ውኃ ነው እንጂ ነፋስ አይደለም። የየመኑ ጨርቅ ነጋዴ ወዴት ሄደ ይላሉ? አገሩ? ምን በወጣው! እዚያ ታች ሱቁን ከፍቷል። ጨርቁ ትንሽ ይርሳል እንጂ ዓይነቱ ያው ነው።»

መንገዱ ላይ አንድ ሱቅ በተዘጋ ቁጥር አምሐ ወደ ታች ያወርደዋል። ፎቶ ቤቱ ወረደ፤ እዚያ ሰው ፎቶ ሲነሣ ከጀርባው ዓሣ ያልፋል። ብር ሠሪው ወረደ። ቤት ያጣ ደንበኛ የመጣ ዕለት ደግሞ «እዚያ ታች ቤቱ ከሰው ይበዛል» ይላል። «አንድ ሰው ሁለት ቤት ይዞ፣ ዛሬ በየትኛው ልደር እያለ ሲጨነቅ ያመሻል።» አንድ ቀን አስማማው ራሱ ፊቱ በሳሙና እንደተሸፈነ «ቀበሌስ አለ?» ብሎ ጠየቀ። በረንዳው ላይ ተራ የሚጠብቁት ትንፋሻቸውን ዋጡ፤ ዘመኑ ቀልድ የሚያስከፍልበት ዘመን ነው። አምሐ ምንም ሳይደነግጥ «ነበረ፤ ቤት የሚለምነው ሰው ቢያጣ ጊዜ ዓሣ ማስገር ጀመረ» አለ። አስማማው ሳቁን ሊይዝ ሲል ሳሙናው አፉ ውስጥ ገባ።

«ፀጉር ቤትስ የለም?» ይሉታል ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ።

«ያ ነው ችግራቸው! የሁሉም ፀጉር አድጎ አድጎ እንደ ሐይቅ ዳር ደንገል ወደ ላይ ቆሟል። ና እያሉ ይለምኑኛል። እናንተን ለማን ትቼ ልሂድ?»

እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረው በአንድ ክረምት ነው። መጀመሪያ የሻዩ ብርጭቆ ማስቀመጫው ላይ ይንቃጨል ጀመር። ቀጥሎ መቀሱ። ከዚያ አንድ ቀን ጋሽ አዘዘን ከጆሯቸው ሥር ቆረጣቸው። ጋሽ አዘዘ የእድሩ ዳኛም ናቸው፣ የጎረቤትም ታላቅ። «ትንኝ ናት» ብለው ደሙን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው ወጡ። የዚያን ዕለት አምሐ በሩን በቀን ዘጋ፤ ምላጩን አምጥቶ የሺአረግ ጭን ላይ አስቀመጠው።

«እጄ ከዳኝ የሺ» አለ። «አፌ ግን አለ።»

ቅል ላይ ሳሙና እየቀባች ተለማመደች። ከዚያ እሱን ራሱን ላጨችው፤ ከዚያ ወንበሩንና በሩን በመጋረጃ ለዩት። ወረፋ ጠባቂው በረንዳ ላይ እንዲቀመጥ አግዳሚው ወጣ። መስታወቱን «የሐይቁ ፀሐይ ያንጸባርቅብኛል» ብሎ ወደ ግድግዳው አዞረው። ደንበኛው ዓይኑን ሲጨፍን እሷ ጫማዋን አውልቃ፣ አምባሯን አውልቃ፣ ከጓዳ በዝግታ ትወጣለች። አምሐ ከወንበሩ በስተ ግራ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሞ ያወራል፤ እሷ ትንፋሿን ይዛ ትላጫለች። አፉ የሱ፣ እጁ የሷ። ስትጨርስ ተመልሳ ትገባለች፤ አምሐ «ይግለጡ» ይላል።

በዕድሜዋ እንደዚያ ሰዓት ደስ ያላት ጊዜ አልነበረም። ከመጋረጃው ወዲህ ባሏም ከተማውም በእጇ ናቸው፤ ሐይቁ ሥር ያሉትን ሱቆች ሁሉ በወሬው ታያቸዋለች፣ ምላጯም በዚያው መንገድ ላይ ይሄዳል። ዘር አልሰጣቸውም ነበር፤ ይህ ግን የሁለታቸው ነበር።

ታሞ በተኛ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለመናት። «የእጄን ነገር ከአንቺ አፍ እንዳይሰሙት። ሰው አምሐ የሚለው እጄን ነው። እሱን ካጣሁ ወሬኛ ብቻ ነኝ።» ማለችለት። ስለዚህ አሁን «ባለሙያዋ እኔ ነኝ» ማለት መቃብሩን መክፈት ነው። እሺ ዛሬ ተማርሁ ብትልስ? ሴት ልጅ ወንድ ስትላጭ ታይቶ በማይታወቅበት መንገድ፣ የት ተማርሽ፣ ማንን እየላጨሽ ተማርሽ አይሏትም? ወንድሟ ሰባታሚት ላይ ከከብቶቹ ጎን አንድ መደብ አለው። እዚያ ትሄዳለች። ይህን ወሰነችና ለማንም አልተናገረችም።

ቀኖቹ እንደ ሐይቁ ጠዋት ብዥ እያሉ አለፉ። ማን እንደመጣ፣ ማን እንደሄደ አይለይላትም። አንድ ነገር ብቻ ከጭጋጉ ውስጥ ጎልቶ ታያት፤ የመንገዱ ወንዶች ጢም። ቅርብ ዘመድ ሐዘን ሲደርስበት ጢሙን አይላጭም፤ ይህ ያለ ነው። እዚህ ግን ዳኘውም፣ ብስክሌት ጠጋኙም፣ ጋሽ አዘዘም፣ አስማማውም ሳይቀር አሳደጉት። ገበያው ጋ ሌላ ፀጉር ቤት አለ፤ አንድም ሰው ወደዚያ አልሄደ። ሰፈሩ የሽፍታ መንደር መሰለ። ከክፍለ ሀገሩ ቢሮ ለጉብኝት የመጣ አንድ ካድሬ ሻይ ሊጠጣ ቁጭ ብሎ ግራ ቀኙን ሲያይ ደነገጠ ይባላል።

«ምን ሆናችሁ ነው ሁላችሁም?» አለ።

«ሐዘን ነው ጓድ» አሉት ጋሽ አዘዘ። «ሻይዎ ይቀዘቅዛል።»

የሺአረግ በመስኮት ስታያቸው እጇን ይበላታል። እያንዳንዱን አገጭ በእጇ ታውቀዋለች፤ የዳኘው ጠባሳ የት እንደሆነ፣ አስማማው ከአገጩ በታች ባለው ኪንታሮት ዙሪያ ምላጩ እንዴት መዞር እንዳለበት። የሚያውቋት ግን እንደ አምሐ ሚስት ብቻ ነው ብላ ታስባለች።

ጋሽ አዘዘ ጠዋት ጠዋት ሻይ ይዘው ይመጣሉ፤ ስኳር የለውም፣ ግን ትኩስ ነው።

«ጢሜ በላኝ ልጄ» አሉ አንድ ቀን።

«ገበያው ጋ ይሂዱ ጋሼ። ስለ አምሐ ብለው መቸገር የለብዎትም።»

«እዚያማ ዓይን አያስጨፍኑም» አሉና ብርጭቆውን ተቀብለዋት ሄዱ።

በአርባው፣ ለተዝካሩ፣ ፀሐይወርቅ ማንም ሳይጠራት ዕቃ ልታጥብ መጣች። ከሰዓት በኋላ የሺአረግ ወደ መኝታ ክፍሉ ስትገባ ሴትዮዋን መስኮቱ ጋ አገኘቻት። ነጠላዋን ዘርግታ መስኮቱን ትለካለች፤ ለመጋረጃ። ስታያት ነጠላውን እንደ ሌባ ወደ ደረቷ ሰበሰበችው። ፊቷ ቀላ።

«ይቅርታ እትዬ። ምን እንደነካኝ እንጃ።»

የሺአረግ አጠገቧ ቆመች። ሁለቱም በመስኮቱ ወደ ሐይቁ አዩ፤ ደንገል የጫነች ታንኳ እያለፈች ነበር።

«ፀሐይ ጠዋት የሚገባው በዚህ ነው» አለቻት። «የልጆቹን አልጋ ወደዚያ ግድግዳ አድርጊው፤ በዚህ በኩል ክረምት ላይ ይረጥባል።»

ፀሐይወርቅ ማልቀስ ጀመረች። የሺአረግ ግን አላለቀሰችም፤ ያን ዕለት እንባዋ ሁሉ ያለቀ መስሏት ነበር።

በማግሥቱ ማለዳ ከሐይቁ የተነሣው ጉም መንገዱን ሞልቶት ነበር። ዘንባባዎቹ ከወገባቸው በላይ ብቻ ይታያሉ። የታሸጉት ሱቆች ውስጥ ሰው ያለ ይመስል ነበር። የሺአረግ ልብሷን በአንድ ፌስታል፣ ምላጩንና ብሩሹን በፎጣ ጠቅልላ አሰናድታለች። አስማማው ቁልፍ ሊቀበል ሣህሉን አስከትሎ ይመጣል። በጓዳ በር ማስረከብ ትችል ነበር፤ ግን የአምሐ በር ፊት ለፊት ነው። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የፀጉር ቤቱን በር ከፈተች።

ከጉሙ ውስጥ ፀጉራቸው የጎፈረ፣ ጢማቸው የረዘመ ሰዎች ቆመው ያዩዋታል። ለአንድ አፍታ የታችኛው ከተማ ሰዎች ባለሙያ አጥተው ወደ ላይ የወጡ መሰላት። ከዚያ ዳኘውን ለየችው፤ ብስክሌት ጠጋኙን ለየችው። አስማማው ፊት ለፊት፣ ሣህሉ ከኋላው። እናትዓለምም ሜትሯን አንገቷ ላይ እንደጣለች ከጥግ ቆማለች።

«ቁልፉ ይኸው» አለች የሺአረግ።

አስማማው እጁን ሳይዘረጋ ጋሽ አዘዘ በመካከላቸው አልፈው ገቡ። ጋቢያቸውን አውልቀው ሚስማሩ ላይ ሰቀሉና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ልላጭ ነዋ።»

«አምሐ የለም እኮ።»

«አውቃለሁ። አፈር ሲለብስ ቆሜ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ማን ይላጭዎ?»

«ባለፈው የላጨኝ ሰው።»

የሺአረግ ቁልፉን ጨበጠችው። በሩ ላይ ያሉት ሁሉ ጫማቸውን ያያሉ። «ባለፈው የላጨዎት አምሐ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ቀጠነ። «አምሐ ነው ጋሼ።»

«የሺ ልጄ፣ አምሐ ሽንኩርት ይከትፍ ነበር?»

ጣቶቿን ከነጠላዋ ሥር ደበቀች።

«ሁልጊዜ ከአፍንጫዬ ሥር ሽንኩርት ይሸተኝ ነበር። እጁ ደግሞ እንዲያ አይለሰልስም፤ እኔ ስንት ዘመን የተላጨሁበትን እጅ አላውቅም?»

«እኔማ አንድ ቀን አስነጥሰሽብኛል» አለ ዳኘው ከበሩ።

«ቅሉን ስትላጪ በአጥሩ ቀዳዳ ያየሁሽ እኔ ነኝ» አለች እናትዓለም። «ለማንም አልተናገርሁም። ለካ ሁሉም ያውቃል።»

የሺአረግ ግድግዳውን ተደገፈች። ስለ ቤቱ አላሰበችም። ያሰበችው አንድ ነገር ነው።

«እሱስ? እንደምታውቁ ያውቅ ነበር?»

«እሱማ እንዳያውቅ ነው ዓይናችንን የጨፈንን» አሉ ጋሽ አዘዘ። «ስንት ቀን ማየት አምሮኝ አንድም ቀን አልገለጥሁ። ሁላችንም እንደዚያው። አምሐ እጁ እንዳለ ሞቷል፤ በዚህ አትስጊ።»

ያኔ አለቀሰች። ለቅሶ ቤት እንደሚለቀሰው አይደለም፤ ድምፅ የለውም፣ ግጥም የለውም። እፎይታም ነበረበት፣ ናፍቆትም፣ ትንሽ ቁጣም።

«እስከ ዛሬስ ለምን ዝም አላችሁኝ? ዕቃዬን አሳስራችሁ ልታወጡኝ ደርሳችሁ!»

«ምስጢሩ የአንቺ ነዋ። ቀድመን ብንናገር እናሳፍርሻለን፤ እስክትናገሪ እንጠብቅ ተባባልን። ይኸው ጢሙ ደረታችን ደረሰ፤ አንቺ እንደሆነ አፍሽ የመቃብር ድንጋይ ነው። ምን እናድርግ?»

አስማማው ጉሮሮውን ጠረገ። «ባለሙያ ተገኝቷል» አለ፤ ሣህሉን ቀና ብሎ ማየት ግን አልቻለም። «ባለሙያ ካለ ቤቱ አይነካም። ደንቡ ነው።»

የሣህሉ ትከሻ ዝቅ አለ። ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ።

«እኔም አውቅ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ስላጭ የነበረው በእርስዎ እጅ መሆኑን አውቅ ነበር። ልጆቼን እያሰብኩ ዝም አልኩ። ይቅር ይበሉኝ እትዬ።»

የሺአረግ በእንባዋ ውስጥ አየችው። ነጠላ ዘርግታ መስኮት የምትለካዋ ሚስቱ ትዝ አለቻት። ልትሰጠው የምትችለው ቤት የላትም። «ወረፋ ያዝ» አለችው በቀስታ። «ጢምህ ረዝሟል።» ሣህሉ ወጥቶ አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ ከሁሉም በኋላ ተቀመጠ።

ፎጣውን ፈታች። ምላጩን ቆዳው ላይ ሳለች፤ ሳሙናውን በብሩሹ መታች። ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ ብላ ነበር፤ ተወችው። አረፋውን በጋሽ አዘዘ ጉንጭ ላይ ስትቀባ ያ ቃል ከአፏ ሳታስበው ወጣ።

«ዓይንዎን ይጨፍኑ ጋሼ፤ ሳሙናው እንዳይገባ።»

«ዛሬስ አልጨፍንም» አሉ። እጃቸውን ሰድደው መስታወቱን ከግድግዳው መለሱት።

በመስታወቱ ውስጥ ፀጉሯ ገና ማቆጥቆጥ የጀመረ፣ ጥቁር የለበሰች፣ ምላጭ የያዘች ሴት ቆማለች። ጋሽ አዘዘ ያዩአታል። የሺአረግም አየቻት። ከዚያ አገጫቸውን በሁለት ጣቷ ቀና አደረገችና ጀመረች።

ቤቱ ጸጥ አለ። ምላጩ ሲሄድ ብቻ ይሰማል። ያን ጸጥታ ሁሉም የሚያውቀው ይመስል በረንዳው ላይ ያሉት አንገታቸውን ደፍተዋል። ጋሽ አዘዘ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ፣

«ከታች ወሬ የለም?» አሉ።

የሺአረግ ወሬ አውርታ አታውቅም። ምላጩን በፎጣው ጠረገች።

«አለ» አለች። «ፀጉር ቤት ተከፈተ።»

«ሰልፉ?»

«ሰልፉ ረጅም ነው። ባለቤቱ ወሬ ያበዛል።»

ጋሽ አዘዘ ራሳቸውን ነቅነቅ ሊያደርጉ ሲሉ ያዘቻቸው። ቀኝ ጉንጫቸውን ጨርሳ ወደ ግራው ለመሻገር ዞረች። ከወንበሩ በስተ ግራ ሲሚንቶው በአንድ ሰው እግር ልክ ተበልቶ የለሰለሰ ቦታ አለ። ልትረግጠው እግሯን አነሣችና ቆመች። ዞራ አለፈችው።